መጀመሪያ ግድግዳሽን ለኪው

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን የምኖር አስተማሪ ነኝ። ዕቁብ ደርሶኝ ፍላት ቲቪ ልንገዛ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ሳሎኑ ሦስት ሜትር ተኩል በአራት ይሆናል። የምንኖረው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ ነን። ባለቤቴ ለኳስ ብሎ 55 ኢንች ፎርኬ ስማርት ካልሆነ አይሆንም ይላል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ ያገለገለ 50 ኢንች ፕላዝማ በርካሽ አግኝቼልሻለሁ እያለ በየቀኑ ይደውላል። ሱቅ ስገባ ኪውኤልኢዲ፣ ኦኤልኢዲ ይሉኛል። ግራ ገብቶኝ እመለሳለሁ። አማቴ ዓይናቸው ደከም ስላለ ተጠግተው ነው የሚያዩት። ትልቅ ቢሆንላቸው ይሻላል? መጠጋቱስ ዓይናቸውን አይጎዳም? እባክዎ እንደ ልጅዎ ይምከሩኝ።"

ልጄ፣ እንኳን ዕቁቡ ደረሰሽ። ከአስተማሪ ደመወዝ ላይ እየተቀነሰች የተጠራቀመች ብር ናት። አንዷም በከንቱ እንድትወጣ አልፈልግም። እኔ ብዙ ዓመት ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ሱቅ ውስጥ ዓይኑን የሳበውን ገዝቶ፣ ቤቱ ሲያስገባው ሌላ ዕቃ የሆነበትን ሰው ስንቱን አየሁ። ሰው ቲቪውን አይቶ ይገዛል እንጂ ቤቱን አይቶ አይገዛም። ስለዚህ ዛሬ የማወራሽ ከቲቪው ይልቅ ስለ ቤትሽ ይበዛል።

የወንድምሽን ነገር ግን አስቀድመን እንጨርሰው። ፕላዝማውን ተይው። አስቦልሻልና አመስግኚው፤ ግን ይቅርብኝ በይው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ፕላዝማ ማለት በሁለት መስታወቶች መካከል፣ በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ፣ ኒዮንና ዜኖን የሚባሉ ጋዞች የታሸጉበት ስክሪን ነው። ሲሠራ የታሰበው ለዝቅተኛ ቦታ አየር ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ቢሆን ነው። የውጭው አየር ሲሳሳ መስታወቱን የሚደግፈው ግፊት ይቀንሳል። ያኔ ስክሪኑ መንዘር ይጀምራል፤ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ያወጣል።

አንድ ደንበኛዬ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሮ ሲመጣ ፕላዝማውን ይዞ መጣ። "ስፒከሩ ተበላሽቷል፣ እዚያ እያለ ምንም አልነበረበትም" አለኝ። ስፒከሩን ነቀልኩት። ድምፁ አልጠፋም። መብራት ሰጪውን ቦርድ ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። መጨረሻ ላይ ጆሮዬን ወደ መስታወቱ ሳስጠጋ ልክ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። ነጭ ነገር ሲበዛበት ይብሳል፤ ሲጨልም ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ቲቪው ጤነኛ ነበር። ዳገቱን ሲወጣ ታመመ። ያንን የሚጠግን ሰው የለም፤ ተራራውን ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

በዚያ ላይ ትልልቆቹ አምራቾች ፕላዝማ መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል፤ በፈረንጆቹ 2014 አካባቢ ነው የተውት። መለዋወጫ አታገኚም። መብራትም ይበላል። 50 ኢንች ፕላዝማ ከ200 ዋት በላይ ሲፈልግ፣ 43 ኢንች ኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት አያልፍም።

አሁን ወደ ግድግዳሽ እንሂድ። ኢንች የሚለካው በወርድ አይደለም። ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ነው። ስለዚህ 43 ኢንች ሲሉሽ ወርዱ 95፣ ቁመቱ 54 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 55 ኢንች 122 በ69 ይሆናል። 32 ኢንች ደግሞ 71 በ40። አስተማሪ ነሽና ጠመኔ አታጪም። ዛሬ ማታ ግድግዳው ላይ 95 በ54 የሆነ አራት ማዕዘን ሥሪ። እሱን አጥፊና 122 በ69 ሥሪ። ከዚያ ሁላችሁም ሁልጊዜ በምትቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ። ቡና ይቅረብ፣ ረከቦቱም በቦታው ይሁን። ባለቤትሽም አብሮ ይይ። ክርክሩ ግማሽ በግማሽ እዚያው ያልቃል።

ሳሎንሽ በነገርሽኝ ልክ ከሆነ፣ ሶፋውና ቡፌው የሚይዙት ሲቀነስ ከዓይናችሁ እስከ ስክሪኑ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ይቀራል። ለዚህ ርቀት የእኔ ምርጫ 43 ኢንች ነው። 50ም ቢሆን አያስከፋም። 55 ለኳስ ደስ እንደሚል አልክድም፤ ባለቤትሽ ከመሬት ተነስቶ አይደለም የሚከራከረው። ግን ቤታችሁ የሚበዛውን ሰዓት የሚያየው ምንድን ነው? ዜና፣ ድራማ፣ የልጆች ፕሮግራም፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ። ይህ ሁሉ የሚመጣው በዲሽ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ፤ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ቲቪ ከሚደርሰው ሥዕል የተሻለ ሥዕል ማሳየት አይችልም። ሥዕሉ የሚሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው። በዲሽ ከሚመጡት ጣቢያዎች ጥራታቸው ዝቅ ያለው 720 በ576 ነጥብ ናቸው፤ ሲባዛ 415 ሺህ ገደማ ነው። ኤችዲ ከሚባሉት ምርጦቹ፣ ፉል ኤችዲ የሚሏቸው፣ 1,920 በ1,080 ናቸው፤ ይህ 2 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ፎርኬ ስክሪን ግን 3,840 በ2,160 ነው፤ ከ8 ሚሊዮን በላይ። የጎደለውን ነጥብ ቲቪው ከየት ያመጣዋል? ከጎን ካለው ነጥብ እየገመተ ይሞላዋል። ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ይህ ግምት ዓይን ውስጥ ይገባል። የዜና አንባቢዋ ፊት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። የተጫዋቹ ማልያ ላይ ያለው ቁጥር ይደበዝዛል። 55 ኢንች ገዝቶ "ጥራት የለውም" ብሎ የመለሰ ሰው አውቃለሁ። ቲቪው ምንም አልነበረበትም።

ዓይንም ወሰን አለው። ደህና ዓይን ያለው ሰው 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ላይ ነጥቦቹን ለይቶ የሚያየው ወደ 1 ሜትር ከ70 ሲጠጋ ነው። አንቺ የምትቀመጪው 2 ሜትር ተኩል ላይ ነው። ከዚያ ሆነሽ ፉል ኤችዲና ፎርኬን በነጥብ ብዛት አትለያቸውም። ዋጋቸው እኩል ከሆነ ፎርኬውን ውሰጂ፤ ለወደፊቱ አይጎዳም። ልዩነት ካለው ግን ያንን ብር መብራት ሲዋዥቅ ቲቪውን ለሚጠብቀው ስታቢላይዘር አቆይው።

ሪሲቨርሽንም ተመልከቺ። አሁን ከቲቪው ጋር የተገናኘው በቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ከሆነ፣ አዲሱንም በዚያው ካገናኘሽው ገንዘብሽን ውኃ በላው ማለት ነው። ያ ገመድ የኤችዲን ጥራት አያሳልፍም። ሪሲቨርሽ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ቀዳዳ ካለው በእሱ አገናኚ። ከሌለው ሪሲቨሩን መቀየር ቲቪ ከማስፋት በላይ ይጠቅምሻል። ውስጡ የሳተላይት ሪሲቨር ያለው ቲቪም ይሸጣል። ኢትዮሳትን በቀጥታ ዲሹን ሰክተሽ ታይበታለሽ፤ በአንድ ሪሞትም ትገላገያለሽ። ሱቅ ስትገቢ ይህን ጠይቂ።

ስማርት የሚለውን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ስማርት ያለ ኢንተርኔት ተራ ቲቪ ነው። ቤታችሁ ዋይፋይ ካለ ጥሩ። በስልክ ዳታ ከሆነ ግን ቁጥሩን እወቂው። በኤችዲ አንድ ሰዓት ፊልም ማየት እስከ 3 ጊጋ ባይት ይበላል፤ ፎርኬ ከሆነ እስከ 7። በአስተማሪ ደመወዝ ይህ አያዋጣም። ኢንተርኔት ስታስገቡ ከኤችዲኤምአዩ የሚሰካ ትንሽ ሣጥን ገዝቶ ማንኛውንም ቲቪ ስማርት ማድረግ ይቻላል።

ስለ ስሞቹም አትጨነቂ። ኤልኢዲ የሚሉት ከኋላው መብራት የሚበራለት ስክሪን ነው። ኪውኤልኢዲም ያው ነው፤ ቀለሙን የሚያደምቅ ተጨማሪ ንብርብር አለው። ኦኤልኢዲ ለብቻው ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ይበራል፤ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው፣ በጣም ያምራል። ውድ ነው። በዚያ ላይ አንድ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ በሚውልበት ቤት የጣቢያው ምልክት ጥጉ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል። አማትሽ ቤት ስለሚውሉ ለእናንተ አይሆንም። ተራው ኤልኢዲ ይበቃችኋል።

ሱቅ ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ። እዚያ የሚያሳዩሽ ሰማያዊ ባሕር፣ ቀይ እንጆሪ፣ የሚያበራ ወፍ ነው። ያ ለማሳያ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ መብራቱም እስከ ጣራ ተለቅቋል። ማንም ቲቪ በዚያ ያምራል። ስለዚህ የራስሽን ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ትንሽ የኳስ ቪዲዮ፣ ትንሽ ድራማ፣ አንድ ሙሉ ነጭና አንድ ሙሉ ጥቁር ፎቶ ጫኚበት። ነጩን ስትከፍቺ ጥቁር ነቁጥ ካየሽ አትግዢ። ጥቁሩን ስትከፍቺ ከጠርዝ ብርሃን የሚያፈስ ከሆነ ሌላ ይክፈቱልሽ። ሱቁ ዲሽ ካለው "ኢትዮሳት ላይ ዜና ክፈቱልኝ" በይ። አይፈርዱብሽም፤ ብር የምትከፍይው አንቺ ነሽ።

ከዚያ ወደ ጎን ሂጂና ከዚያ እዪው። ይህን ሰው ይረሳዋል። የእኛ ቤት መቀመጫው ዙሪያውን ነው። በበዓል ጎረቤት ሲመጣ መሃል ላይ የሚቀመጠው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ሥር ነው። አንዳንዱ ስክሪን ከፊት አምሮ ከጎን ሲታይ አመድ ይመስላል። ሌላው ከጎንም ቀለሙን ይይዛል። ሁለቱን አስቀምጠሽ ከጎን ካየሻቸው ማንም ሳይነግርሽ ትለያቸዋለሽ።

ከጀርባው ያለውን ጽሑፍም አንብቢ። ሞዴል ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። የታወቀ ስም ከፊት ተለጥፎበት ከጀርባው ሌላ የሆነ አጋጥሞኛል። ኤሌክትሪኩን የሚገልጸው ጽሑፍ ደግሞ 100-240 ወይም 220-240 ቮልት ማለት አለበት። የእኛ አገር መብራት 220 ነው። 110-120 ብቻ የሚል ከሆነ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ እንደሰካሽው ይቃጠላል። ዘመድ የላከላቸው ሰዎች በዚህ ብዙ አልቅሰዋል። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳትይዢ ከሱቁ አትውጪ።

አሁን ስለ ማጓጓዝ። ከአዲስ አበባ ከገዛሽ የራሴን ታሪክ ስሚ። አንድ ጊዜ ለቤቴ 43 ኢንች ገዝቼ በሚኒባስ ላመጣ ነበር። ረዳቱ ካርቶኑን ከኋላ ወንበር ላይ አጋደመው። ላዩ ላይ ሻንጣ ተደረበ፣ ጆንያም ተደረበ። አውቅ ነበር፤ ግን ሰው ላለማስቸገር ዝም አልኩ። 130 ኪሎ ሜትር መጣን። ቤት ስከፍተው ካርቶኑ ጭረት እንኳ የለውም። ስሰካው ግን ከመሃል ተነስቶ እስከ ጥጉ የሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ አበራ። ልጆቼ ዙሪያዬን ቆመው ነበር። እስከ ዛሬ ፊታቸው አይረሳኝም። ስክሪን ከተሰነጠቀ አለቀ፤ የፓነሉ ዋጋ ከአዲስ ቲቪ ብዙም አይርቅም። ቲቪ ይቆማል እንጂ አይተኛም። ለእሱ አንድ ወንበር ክፈዪለትና በሁለት ሰው መሃል ቆሞ ይምጣ።

ማታ ከገባ ደግሞ ቶሎ አትክፈቺው። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቂዋለሽ። ብርዱ የዘለቀው ዕቃ ከሰል የተቀጣጠለበት ሞቃት ቤት ሲገባ ጠል ይይዘዋል፤ ልክ መነጽር እንደሚያላብ። ያ እርጥበት ውስጥ ቦርዱ ላይም አለ። ሦስት አራት ሰዓት ይቆይ። ልጆቹ ይለምኑሻል፤ ጠዋት ይከፈታል በያቸው።

የት እናስቀምጠው? የጭቃ ግድግዳ ላይ ብራኬት መስቀል የሚቻለው እንጨቱን ካገኘ ብቻ ነው። ጭቃና ጭድ ብሎን አይዝም። ዛሬ የያዘ ይመስላል፤ በወሩ ከነቡሎኑ ይወርዳል። ግድግዳውን በጣትሽ እያንኳኳሽ ቋሚውን ፈልጊ፤ ድምፁ ይለወጣል። ሁለት ቋሚ ላይ ወፍራም ጣውላ አግድም ይመታ፤ ብራኬቱ ከጣውላው ላይ ይታሰር። ይህ ካስቸገረ ቡፌው ላይ ይቀመጥ። ግን የዛሬ ቲቪዎች እግራቸው በሁለቱ ጫፍ ነው። በእግሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ሱቅ ውስጥ ለክተሽ ቡፌው መሸከሙን አረጋግጪ። ልጅ እንዳይጎትተው ከጀርባው በገመድ ግድግዳው ላይ ይታሰር። ከመስኮትና ከበር ፊት ለፊት አታድርጊው። የስክሪኑ መሃል ስትቀመጪ ከዓይንሽ ጋር ይተካከል፤ እንደ ሥዕለ አድኅኖ ላይ የሚሰቀል ነገር አይደለም፣ አንገት ይገትራል።

አንድ ልመና አለኝ። ዳንቴል አታልብሺው። ሲያምር አውቃለሁ፤ የእናቴም ቤት እንዲያ ነበር። ግን ከጀርባውና ከላዩ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻው ናቸው። ሲታፈን የሚሞተው ከኋላ ያለው መብራት ነው። ለጥገና ከሚመጡልኝ ኤልኢዲ ቲቪዎች የሚበዙት "ድምፅ አለው፣ ሥዕል የለውም" የሚባሉ ናቸው። ጨለማ ውስጥ የስልክ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አብርቼ ጠጋ ብዬ ሳይ ሥዕሉ ደብዝዞ አለ። የሞተው መብራቱ ነው። ይህን ለማዘግየት የምታደርጊው ቀላል ነው። ቤት እንደገባ ከሴቲንግ ውስጥ ባክላይት የሚለውን ከ100 ወደ 60 ወይም 70 አውርጂው። ሳሎንሽ እንደ ሱቅ አይበራም፤ አይጎድልሽም። ዕድሜው ይረዝማል። ስታጸጂውም ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። አልኮልና ሳሙና አይንካው።

ስለ መብራት የቀረውን ልጨርስ። ቲቪ የሚገድለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው። ሲመጣ ዘሎ ይመጣል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀይ፤ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቂ። ሲበዛ የሚቆርጥና ጥቂት ቆይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ካገኘሽ ይህን ሥራ ይሠራልሻል፤ ከቲቪው ጋር አብረሽ ግዢው። ቲቪ፣ ሪሲቨር፣ ምጣድና ካውያ በአንድ ዲቫይደር አይሰኩ። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ የመብራቱንም የዲሹንም ኬብል ንቀይ። ሰዎች የመብራቱን ነቅለው የዲሹን ይረሳሉ። ዲሹ ጣራ ላይ ነው ያለው።

የአማትሽን ጥያቄ መጨረሻ ያደረግኩት ስለሚያሳስበኝ ነው። ከቅርብ ማየት ዓይን አያጠፋም። ያደክማል፣ ያስለቅሳል፣ ጉዳት ግን አያደርስም። ወንበራቸውን ወደ ፊት አቅርቢላቸው፤ የልጆቹን እይታ እንዳይከልሉ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። ከጎን ሲታይ የማይደበዝዝ ስክሪን ምረጪ ያልኩሽም አንዱ ለእሳቸው ብዬ ነው። ነገር ግን ልጄ፣ አንድ ሰው ተጠግቶ ማየት ሲጀምር ምክንያት አለው። በእሳቸው ዕድሜ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ቢሰፋ ሞራን አይገፍም፤ ሐኪም ግን በቀላል ቀዶ ጥገና ያወጣዋል። ሲመሽ መንገድ ይከብዳቸው እንደሆነ፣ መብራት ዙሪያ ክብ ብርሃን ይታያቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው። ወደ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት በሚቀጥለው ሳምንት ሆስፒታል ይዘሻቸው ሂጂና ዓይናቸውን ይታዩ። ከዚያ ስትመለሺ ጠመኔውን አንሺ፤ የሚቀመጡበትን ቦታ አብረሻቸው ምረጪ።